ስለ ጡንቻና ስለ ገበታ

ሰው ለሆዱ ልክ ያላበጀለት እንደ ሆነ፣ ሆዱ ተነሥቶ ለሰውዬው ልክ ያበጅለታል። ይህ ነገር በሆዳሞችና በሰካራሞች ላይ ብቻ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ማልደው በሚነሡት፣ ጫትና መጠጥ በማይቀምሱት፣ ሰውነታቸውን በሥራ ሊያበረቱ በሚጣጣሩት ደጋግ ወጣቶች ላይ ሲደርስ ስላየሁ፣ ዝም ማለቱ የማይገባ ሆኖ ታየኝና ይህን ጻፍሁ። የወጣቶቹ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጡንቻ ለማውጣት ምን ያህል ልብላ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የሚያሳዝነው የሚሰጣቸው መልስ ነው። «የቻልኸውን ያህል ብላ፤ ከጠገብህም በኋላ ጨምር» ይሏቸዋል። እኔ ከዚህ መልስ ጋር ጠብ አለኝ፤ ጠቤንም በምክንያት አስረዳለሁ።

የምኖረው በሱሉልታ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ብርዳም አገር ናት። ሜዳዋ ሣር ነው፤ ሣሩም ወተት ይሆናል። ማለዳ በመንገዱ ዳር የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ትጉሃንን ያያል፤ ወተት በጀሪካን ይዘው ወደ መኪና የሚጣደፉ እናቶችንና በጉም ውስጥ የሚሮጡ ስፖርተኞችን። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ ያሠራው በዚሁ በሱሉልታ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ትጉህ ተጨምሯል፤ ብረት የሚያነሣው ወጣት። ገንዘብ ያለው ወደ ጂም ይሄዳል፤ የሌለው በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልቶ በብረት ዘንግ አጋጥሞ በጓሮው ያነሣል። እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። የደስታዬ መጨረሻ ግን ገበታው ዘንድ ስደርስ ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አንድ ቀን ወደ ቤቴ መጡና፣ «ጋሼ፣ ዶሮዎቹ ይጥላሉ፣ ልጁ ይውጣል፤ እኔ ለማን ነው ጥሬ የምበትነው?» አሉኝ። ነገሩን ስጠይቅ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። እኒህ ሴት አሥራ አምስት ያህል ዶሮዎች አሏቸው። በእንቁላሉ ዋጋ ዘይትና ጨው፣ ለታናሺቱም ልጃቸው ደብተር ይገዙ ነበር። የ19 ዓመቱ ወንድ ልጃቸው ብረት ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ግን በየማለዳው ስምንት እንቁላል በብርጭቆ እየሰበረ ጥሬውን ይጠጣል። የ9 ዓመቷ እኅቱ አጠገቡ ቆማ እያየች ሻይዋን በደረቅ ዳቦ ጠጥታ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ልጁን አስጠራሁት። መልካም ልጅ ነው፤ ታላቅን ያከብራል። «ምነው ልጄ፣ የእናትህን ጓዳ አራቆትኸው?» ብለው፣ «ጋሼ፣ አሠልጣኙ እንቁላል ካልበላህ ብረቱ ይበላሃል ብሎኛል» አለኝ። «ጡንቻውስ ለምንህ ነው?» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና፣ «ሰው እንዲያከብረኝ ነው» አለ። በዚህ መልስ አልሳቅሁበትም። ያልሳቅሁበትንም ምክንያት ኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ለእርሱ ያልሁትን ለእናንተም ልበል።

አንደኛ፣ ምግብ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ከአስተማሪዎቻችን አንዱ ሚሎ ስለሚባል ታጋይ ይነግሩን ነበር። ሚሎ ከ2500 ዓመት በፊት በደቡብ ኢጣልያ በነበረችው ክሮቶን በምትባል የግሪኮች ከተማ ይኖር የነበረ፣ በኦሎምፒያ ስድስት ጊዜ ያሸነፈ ኀይለኛ ነው። ስለ እርሱ ሁለት ነገር ይተረካል። አንዱ፣ ጥጃ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ዕለት ዕለት በትከሻው እየተሸከመ፣ እርሷ ስታድግ የእርሱም ኀይል አብሮ እያደገ፣ በመጨረሻ የደረሰውን ከብት ለመሸከም ቻለ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በአንድ ቀን 9 ኪሎ ያህል ሥጋና የዚያኑ ያህል ዳቦ ይበላ ነበር የሚል ነው። ተረት ነው፤ ምስክር የለውም። ነገር ግን እዩልኝ! እኛ ተማሪዎቹ ከትምህርቱ ስንወጣ የምናወራው ስለ ሥጋው ብቻ ነበር። ጥጃዋን ያስታወሳት አንድም አልነበረም። ዛሬም እንዲሁ ነው። ወጣቱ ስለሚበላው ሲጠይቅ ይውላል፤ ዛሬ ካለፈው ሳምንት ምን ያህል ጨምሮ እንዳነሣ ግን በወረቀት አይጽፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ ካልለመደው ሸክም ጋር ሲታገል ይነቃቃል፤ ከዚያም ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ፕሮቲን እየወሰደ፣ በዕረፍትና በእንቅልፍ ጊዜ አጠንክሮና አወፍሮ ይሠራዋል። እንግዲህ ምግቡ ድንጋይ ነው፤ ግንበኛው ሥራው ነው። ግንበኛ ሳይመጣ ድንጋይ ቢራገፍ ግቢው ይጣበባል እንጂ ቤት አይቆምም። ከልክ ያለፈውን ፕሮቲን ሰውነት አያከማቸውም፤ ወይ እንደ ማገዶ ያነደዋል፣ ወይ ወደ ስብ ይለውጠዋል፣ ትራፊውንም በሽንት ያስወጣዋል። የእናቱን ስምንት እንቁላል ወደ ሽንት ቤት የሚልክ ልጅ ጀግና ይባላልን?

ሁለተኛ፣ ልኩ ይታወቃል። በዚህ ጉዳይ የተደረጉትን 49 ጥናቶች በአንድነት የመረመሩ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጽሑፍ፣ ብረት ለሚያነሣ ሰው ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲደርሰው፣ ከዚያ በላይ ቢጨመርለት ጡንቻው በአማካይ የሚጨምረው ነገር እንዳላገኙ ገልጸዋል። ብረት ለማያነሣ ተራ ሰው የሚመከረው 0.8 ግራም ነው። ስለዚህ የስፖርተኛው ድርሻ ከተራው ሰው እጥፍ ቢሆን ነው እንጂ አሥር እጥፍ አይደለም።

ከጎረቤቴ ልጅ ጋር በአሮጌ ደብተር ጀርባ ሂሳቡን አወጣነው። ልጁ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ 60 በ1.6 ሲባዛ 96 ግራም ይሆናል። «ይህን ያህል ከየት ይመጣል?» አለ ደንግጦ። «ከእናትህ ሞሶብ» አልሁት። በቀን ከሚበላው እንጀራ ውስጥ 400 ግራም ያህል የጤፍ ዱቄት ቢኖር፣ ከእርሱ ብቻ 45 ግራም ያህል ፕሮቲን ያገኛል። 150 ግራም ደረቅ ምስር ወይም ሽሮ ተሠርቶ በምሳና በራት ሲከፈል 30 ግራም ያህል ይሰጣል። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም አለው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ነው። ደምረው! 95 ሆነ። ልጁ ደብተሩን ደጋግሞ አየና፣ «ታዲያ ስድስቱ እንቁላል ለምን ነበር?» አለኝ። «እኔም የምጠይቅህ ይህንኑ ነው» አልሁት።

በዚህ ላይ ቀጭን የሆነ ሰው ክብደት እንዲጨምር ከወትሮው ምግቡ ጥቂት ከፍ ማድረግ አለበት። ጥቂት ስል አንድ ብርጭቆ ወተትና ሁለት እፍኝ ቆሎ ማለቴ ነው፤ አንድ ሙሉ ትሪ ማለቴ አይደለም። ጀማሪ በወር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከጨመረ መልካም ሄዷል። በወር አምስት ኪሎ ጨመርሁ የሚለው አብዛኛው የጨመረው ስብና ውሃ ነው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

እዚህ ላይ «ጾምስ?» የሚለኝ አለ። «የጾመ ሰው ጡንቻው ይሟሟል» እየተባለ ብዙ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ተጣልተዋል። ይህም ያለ ልክ የተጋነነ ነገር ነው። እንጀራ የጎደለውን ምስርና ባቄላ ይሞላዋል፤ ምስርና ባቄላ የጎደለውን እንጀራ ይሞላዋል፤ አያቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ሁለቱን በአንድ ትሪ ያቀረቡት በከንቱ አልነበረም። በጾም ቀን በወተቱና በእንቁላሉ ፈንታ 50 ግራም ኦቾሎኒና 50 ግራም የሽምብራ ቆሎ ቢገባ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን ይመለሳል። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ፕሮቲን ከእንስሳው ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሚዋሐድ አንድ ጭልፋ ምስር መጨመር ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ጥሬው፣ ቆርቆሮውና መርፌው። ጥሬ እንቁላል ኀይል አለው የሚሉ ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን ከመቶው 90 ያህሉ በአንጀት ሲዋሐድ፣ ከጥሬው ግን 50 ያህሉ ብቻ እንደ ተዋሐደ ታይቷል። እንግዲህ ስምንቱን ጥሬ የጠጣው ልጅ፣ አራቱን ቀቅሎ ከበላው ብዙም አልበለጠ። ትርፉ የአንጀት በሽታን ማሰጋቱ ነው። ጥሬ ሥጋም በበዓል ቀን የአባቶች ባህል ነው፤ በባህሉ አልመጣም። ነገር ግን ጡንቻ ያወጣል ብሎ በየሳምንቱ የሚበላው ሰው ይስማኝ፤ ሥጋ ቢበስል ፕሮቲኑ አይጠፋም፣ የሚሞተው የኮሶ ትል ነው። ኮሶ ደግሞ አስተናጋጁ ከሚበላው ላይ የሚካፈል የማይጋበዝ እንግዳ ነው።

በትልልቅ ቆርቆሮ የሚሸጠው የፕሮቲን ዱቄት፣ እውነተኛ ከሆነ፣ መርዝ አይደለም፤ አብዛኛው ከወተት አይብ ሲሠራ ከሚቀረው አጓት የሚወጣ ነው። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ በሱሉልታ ተቀምጦ፣ የወተት ጀሪካን በደጁ ሲያልፍ እያየ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የደረቀ አጓት ለመግዛት የሚበደር ሰው ጎረቤቱን ሳይሆን ቆርቆሮውን አመነ። የቆርቆሮው ሥዕልም ያታልላል። በላዩ የተሣለው ሰው በዱቄቱ ብቻ እንደዚያ አልሆነም፤ ብዙ ዓመት ሠርቷል፣ ተፈጥሮም ረድታዋለች፣ አንዳንዱም ከዱቄቱ ሌላ የማይናገረው ነገር ወስዷል።

ያ የማይነገረው ነገር ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ነው። በክኒንም በመርፌም ይሰጣል። ሐኪም ሳያዝዘው የሚወስደው ወጣት ጡንቻው በፍጥነት ሲነፋ ያያል፤ በውስጡ ግን ሰውነቱ የገዛ የወንድነት ሆርሞኑን መሥራት ያቆማል፣ ዘር የማፍራት ችሎታው ይደክማል፣ ልቡና ጉበቱም ይጎዳሉ። የካናዳው ቤን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ 100 ሜትር በ9.79 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ፤ በሦስተኛው ቀን ስቴሮይድ ስለ ተገኘበት ወርቁን ተነጠቀ። እርሱ የተነጠቀው ሜዳልያ ነው። የእኛ ልጅ ግን የሚነጠቀው ልጅ ወልዶ የመሳሙን ተስፋ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። ገበታ የአንድ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜአቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከ100ው 37ቱ ለዕድሜአቸው ከሚገባው ቁመት በታች ሆነው ተገኝተዋል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የምግብ ማነስ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው። አንድ እንቁላል ለ19 ዓመት ወጣት ምን ታደርግለታለች? ክንዱን በክር ቢለካው የማይታይ ነገር። ለሕፃን ግን አጥንት ናት፣ ደም ናት፣ አእምሮ ናት። ጎልማሳ ሰው ዘንድሮ ቢያመልጠው ለከርሞ ጡንቻውን መሥራት ይችላል። ሕፃን ግን ያለፈው የማደጊያ ዘመኑ ተመልሶ አይመጣለትም። ስለዚህ ወንድም ከእኅቱ ድርሻ ወስዶ ደረቱን ቢያሰፋ፣ ያ ደረት የእርሱ አይደለም እላለሁ፤ የተበደረው ነው፣ አበዳሪዋም ልትጠይቀው የማትችል ልጅ ናት።

አሁን ያልሳቅሁበትን ምክንያት ልናገር። ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከጥፋቱ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት። በማስተምርበት ዘመን አንድ ቀጭን ተማሪ ነበረኝ። አንድ ቀን በሰልፍ ላይ ወንበር አንሣ ብዬው ቢከብደው፣ «አንተ ሸምበቆ፣ ነፋስ እንዳይወስድህ!» አልሁት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ስሙ እስኪጨርስ ድረስ ሸምበቆ ሆነ። ብዙ ዓመት አልፎ በታክሲ ውስጥ ተገናኘን። ክንዱ የሸሚዙን እጅጌ ሊቀድ ደርሷል። ተሳስመን ስናወራ፣ መርፌውን ሁለት ዓመት እንደ ወሰደና ታሞ እንደ ተወው፣ ሐኪም ቤትም እንደሚመላለስ ነገረኝ። ሲወርድ ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አሁን ነፋስ አይወስደኝም» አለኝ። እርሱ በቀልድ አለው፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። «ሰው እንዲያከብረኝ» የሚል ልጅ ሲገጥመኝ የማልስቀው ስለዚህ ነው። ቀጭኑን «አጥንታም»፣ ወፍራሙን «በርሜል» እያልን የምንቀልድ ታላላቆች፣ ልጆቹ ያለ ልክ ሲበሉና ሲወጉ ባየን ጊዜ ልንገሥጻቸው ምን አፍ አለን? ደግሞ «ብረት ማንሣት የሥራ ፈት ነገር ነው» የምንለውም ተሳስተናል። የጠነከረ ጡንቻ በእርጅና ዘመን ከመውደቅ ይጠብቃል፤ ስኳር በሽታንም ለመከላከል ይረዳል። እኔ ራሴ በስድሳዎቹ ዕድሜዬ ቆርቆሮ ሲሚንቶውን ሞክሬዋለሁ፤ ትንሹን ነው እንጂ ትልቁን አይደለም።

ወጣት ሆይ! ኀይል በክንድ ውፍረት ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ዓለም በሮም ጎዳና ላይ ባዶ እግሩን የሮጠውን ያንን ቀጭን የክብር ዘበኛ ባላወቀው ነበር። አበበ ቢቂላን በቆርቆሮ ላይ ሥዕል አድርጎ ጡንቻ የሚሸጥበት ነጋዴ የለም። የብረት አንሺ ሰውነት ሌላ፣ የሯጭ ሰውነት ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። ሁለቱም ግን በአንድ ሕግ ይኖራሉ፤ ጥቂት በጥቂት መጨመር፣ በልክ መብላት፣ በቂ መተኛት፣ ሳይሰለቹ መመላለስ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌ ከእናትህ ሰምተሃል፤ አንተ ግን እንቁላሉ በእግሩ ሳይሄድ ስምንቱን በአንድ ጊዜ ዋጥኸው!

የጎረቤቴ ልጅ ምክሬን ሁሉ አልተቀበለም። አሁንም እየመጣ ይከራከረኛል፤ በመስኮቴ መስተዋትም ክንዱን እያየ ያልፋል። ነገር ግን እንቁላሉን ሁለት አድርጎታል፤ ቀቅሎም ይበላል። እናቱ ከቀረው አንዱን ለልጅቱ ሰጥተው ሌላውን ይሸጣሉ። በአራት ወር ውስጥ 2 ኪሎ ጨመረ፤ የሚያነሣውንም ሸክም በደብተር ይጽፋል። ደብተሩን የገዛችለት በእንቁላሉ ዋጋ እናቱ ናት።

የሚሎን ፍጻሜ ሳልነግራችሁ አልጨርስም። አስተማሪያችን ይህን የሚነግሩን ከሁሉ በኋላ ነበር። ሚሎ በዱር ሲሄድ በሽብልቅ የተሰነጠቀ ግንድ አየ። በክንዱ ስለ ታመነ እጆቹን ከስንጥቁ አግብቶ ሊገነጥለው ቢሞክር፣ ሽብልቁ ወደቀና ግንዱ እጆቹን ያዘው። ሰው አብሮት አልነበረም። ሌሊት ተኵሎች መጥተው በሉት ይባላል። ያን ሁሉ ሥጋ የበላ ሰው በመጨረሻ ሥጋ ሆነ። አንድ ሕፃን እንኳ አብሮት ቢኖር ሽብልቁን አንሥቶ ባቀበለው ነበር።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ ስንት ልብላ ብለህ ከመጠየቅህ በፊት በገበታው ዙሪያ ስንት ሰው እንዳለ ቍጠር። ከዚያ በኋላ ድርሻህን ብላ፤ ብረትህንም አንሣ።